ኬላውን ያሻገረኝ ሽፋሽፍት

ባለፈው የልጅ ልጄ ለጓደኛዋ ሰርግ ስትዘጋጅ መስታወት ፊት ተቀምጣ አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ለመለጠፍ ትታገል ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ጫፍ ሲይዝላት ሌላው ይነሳባታል።

«ማጣበቂያውን ቀብተሽ ትንሽ ጠብቂው እንጂ፤ እርጥቡን ነው እኮ የምትለጥፊው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «እማማ፣ አንቺ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅሽው?»

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

እኔ ሽፋሽፍት የለኝም። በልጅነቴ፣ ያኔ በይፋት ቆላ ብዙ ልጅ በሚይዘው፣ ዛሬ ትራኮማ በሚሉት በሽታ ተይዤ የዓይኔ ቆብ ወደ ውስጥ ተቀለበሰ፤ ፀጉሩም ብሌኔን ይወጋኝ ጀመር። እናቴ ጭኗ ላይ አንጋላ እያስተኛች በወረንጦ ትነቅልልኛለች። መልሶ ይበቅላል፤ መልሳ ትነቅላለች። በመጨረሻ መብቀሉን ተወ። ዓይኔ ከመታወር ተረፈ፤ ቆቡ ግን ዙሪያውን ቀልቶና ራቁቱን ቀረ። ተማሪ ቤት ስገባ «መላጣ ዓይን» የሚል ስም ወጣልኝ። እኔም ለመድኩት። በደርግ ዘመን፣ በዚያ የቀይ ሽብር ዓመት ይሄው ስም ሊያስገድለኝ እንደሚደርስ ማን ያውቃል?

ብርቄ እባላለሁ። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ከሸዋ ሮቢት ከፍ ብላ ባለች የቀወት መንደር ማሽላ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። እኔን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይተው ያስተምሩኛል። እዚያ እንደ እኩዮቼ በስውር የሚዞር ወረቀት አነብ ነበር፤ አንዳንዴም ከመቀነቴ ሥር ደብቄ ከአንዱ ወደ ሌላው አደርሳለሁ። ጀግና አልነበርኩም። የሚቀበለኝን ሰው ስም እንኳ አላውቅም። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ከቤታችን ደጃፍ ስትወሰድ እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። እንስራውን እዚያው ቦኖው ላይ ትቼ ወደ አገሬ ሸሸሁ።

መንደራችን የደረስኩ ሰሞን፣ ለገበሬ ማኅበሩ ጠመንጃ የያዘ ጎረቤታችን ከብት የጠፋው መስሎ ወደ አባቴ ማሳ ጎራ አለ። የተናገረውን እኔም ከማሽላው መሃል ሆኜ ሰማሁት።

«ልጅህን ከዚህ አርቃት። ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣሉ። ስም ብትቀይርም አይጠቅማትም፤ ለየኬላው የተነገረው ‘ሽፋሽፍት የሌላት ልጅ’ ተብሎ ነው። እኔ ምንም አላልኩህም።»

ሰውየው ከሄደ በኋላ አባቴ ያረመውን አረም ከእጁ ሳይጥል ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ የሸዋ ሮቢት ገበያ ነበር። አባቴ አህያውን ማሽላ ጫነና እኔን ነጠላ አከናንቦ ከገበያተኛው ጋር ይዞኝ ወረደ። ገበያው ስንደርስ አህያውን ለአንድ ዘመድ ሰጠና እኔን በእጄ ይዞ አስፋልቱን ተሻገረ። የወሰደኝ የት መሰላችሁ? ሾፌሮች ወደሚያድሩበት ቡና ቤት። አባቴ ጾም የማይገድፍ፣ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ የሚያዞር ሰው ነበር። በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ እያየው ዱላውን ይዞ ገባ።

ፀጉሯን በቢጉዲን የጠቀለለች፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለች ሴት ብርጭቆ ታጥባለች።

«የሺመቤት» አለ አባቴ።

ሴትየዋ ቀና ሳትል እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቆይታ ቆይታ ዞረች። አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም። ይቺ ልጄ ናት። ይፈልጓታል።» ዱላውን ለቀቀና ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል በእርጥብ እጇ ትከሻውን ያዘችው።

«ይተዉ! ይተዉ ጋሼ! እግዜር አይወደውም!»

«አባዬ፣ ማን ናቸው?» አልኩት።

«እህቴ ናት» አለኝ።

አባቴ እህት እንዳለው አላውቅም ነበር። በልጅነቷ ለአንድ ሽማግሌ ድረዋት፣ ከሰውየው ቤት ጠፍታ፣ ከከተማ ከተማ ተንከራትታ እዚህ መድረሷን ኋላ ከራሷ ሰማሁ። እሷ በመጥፋቷ አባቴና የሰውየው ወገኖች ደም ሊፋሰሱ ደርሰው ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ስሟ እንዳይነሳ ተማምለዋል።

አክስቴ ብዙ አልጠየቀችም። አገጬን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

«ሾፌሩ ሰይድ ነገ ጠዋት ጨው ሊጭን ወደ አሰብ ይወርዳል። የእኛ ቤት ሴት በሾፌር ጋቢና ከከተማ ከተማ ብትሄድ ማንም አይደንቀው። ይቺን ዓይን ግን...»

«ጥቁር መነጽር ብናደርግላትስ?» አለ አባቴ።

«ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚያስወልቁት እሱን ነው ጋሼ።» ትንሽ አሰበች። «እኔ ዘንድ የሚለጠፍ ሽፋሽፍት አለ። አሁን ይሂዱ። ገበያ ውስጥ ይታዩ፤ ማሽላዎን ይሽጡ።»

አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። እሷን ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገባው። በመጨረሻ እጇን በሁለት እጁ ያዝ አድርጎ ለቀቀና ወጣ።

የአክስቴ ክፍል ከቡና ቤቱ ጀርባ ካሉት የቆርቆሮ ክፍሎች የመጨረሻዋ ነበረች። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። አልጋ፣ የእንጨት ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል፤ ሌላ ነገር የለም። ከሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ሙዳይ አወጣችና ከፈተችው። ሁለት ጥቋቁር ነገሮች እንደ ሞተ አባ ጨጓሬ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አዲስ አበባ የምትሠራ ጓደኛዋ የላከችላት ነው። ያለውም እሱ ብቻ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ምትክ የለውም።

«እኔ ለጥፌልሽ ነበር የምሸኝሽ። ግን ይሄ ቆላ ነው፤ በላብ ይነሳል። ሌሊቱን ደግሞ ከነሱ ብትተኚ ዓይንሽ ያብጣል። ስለዚህ ራስሽ ማውለቅና መልሰሽ መለጠፍ አለብሽ። ዛሬ መልመድ አለብሽ።»

«እሺ እትዬ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።»

«እንዳልሽኝ በይ። እዚህ ቤት አንቱ የሚባል የለም። ከዛሬ ጀምሮ ሊሊ ነሽ፤ እኔ የሺ ነኝ።»

እናቴን የምታህል ሴት አንቺ ማለት ምላሴን አሰረኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሽፋሽፍቱን ከመለጠፍ ይልቅ ይሄ ነበር የከበደኝ። ማተቤን ልበጥስ ስል ግን እጄን ያዘችኝ።

«እሱን ተዪው። እኛም እናስራለን» አለችኝ፤ የራሷን ከአንገቷ ሥር አውጥታ እያሳየችኝ።

መጀመሪያ ሽፋሽፍቱን ከዓይኔ ጋር ለካችው። ረዘመ፤ ከውጭው ጫፍ በመቀስ ቆረጥ አደረገችለት። ጣቷ ላይ ጠቅልላ አጎበጠችው። ከዚያ ከትንሿ ቱቦ ማጣበቂያ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንስታ ጠርዙን ቀባችና በወረንጦ አቀበለችኝ።

ወረንጦውን ሳይ መላ አካላቴ ተኮማተረ። የእናቴ ጭን ትዝ አለኝ፤ ሕመሙም ትዝ አለኝ። ገና ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው ቆቤ ብቻውን ተከደነ።

«አትጨፍኚ። መስታወቱን ከአገጭሽ ሥር ያዢውና ወደ ታች እዪ። መሃሉን መጀመሪያ፣ ጫፎቹን ኋላ።»

ለጠፍኩት። ጣቴ ላይ ቀረ። እንደገና ለጠፍኩት፤ ቅንድቤ ሥር ተንጋዶ ተጣበቀ። አክስቴ ሳቀች፤ እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ። እንባው ማጣበቂያውን አሟሟውና የላይና የታች ቆቤ ተያያዘ። ዓይኔ እሳት የነካው ያህል ነደደ። ልጮህ ስል አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። በለብ ያለ ውሃና በቫዝሊን እያሸች ቀስ ብላ አላቀቀችው።

«አይሆንልኝም እትዬ የሺ። ይያዙኝና ይለይልኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። «እንዳትደግሚው! ይለይልኝ የሚባለውን ነገር አታውቂውም። አንድ ቀን ከዚህ አስፋልት ዳር የአንድ ልጅ ሬሳ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት አድሯል። እናቱ እንኳ እንዳታለቅስ ተከልክላ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስታልፍ አይቻታለሁ። አንቺ አባትሽን እንደዚያ ልታደርጊው ነው? በይ፣ ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመርን። የራስ ሽፋሽፍት ያላት ሴት የተለጠፈው የሚያርፍበት ነገር አላት። እኔ ምንም የለኝም፤ እርቃኑ ቆቤ ላይ ስፌቱ ያስታውቃል። እሷ ነገሩን ስታጠናው ቆየችና በኩል ወፍራም መስመር አስመረችኝ፤ በመስመሩ ላይ አስለጠፈችኝ፤ መልሳ በኩል አስደፈነችኝ። ትንሽ ጠብቂ። ንፊበት። አሁን አስጠጊው። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊ። ከቀኑ ሙቀት የተነሳ ላቡ ከግንባሬ እየወረደ ልፋቴን ያጥበዋል። ስንቴ ለጥፌ ስንቴ እንዳወለቅሁ አላውቅም።

በመጨረሻ ቀኙ ያዘ። ልክ ቦታው ላይ ያዘ። ቀና ብዬ መስታወቱን ሳይ የቀኝ ዓይኔ የማላውቃት የአንዲት ቆንጆ ሴት ዓይን ነበር። ግራዬ ግን ያው የኔ ነው።

ይሄኔ ከግቢው የወንድ ድምፅና የጫማ ኮቴ ተሰማ። ከሴቶቹ አንዷ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ፣ «ፍተሻ ነው? ግቡ፣ ግቡ፣ ምን የሚደበቅ አለን!» አለች። ለእኛ ማስጠንቀቋ ነበር።

ግራውን ለመለጠፍ ጊዜ የለም። አክስቴ ነጠላዬን ገፍፋ አልጋው ሥር ጣለች፤ ዊግ ጭንቅላቴ ላይ ደፋች፤ አልጋው ላይ ገፍትራ በግራ ጎኔ አስተኛችኝና ግማሽ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀበረችው። አንሶላውን እስከ ትከሻዬ ሳበችልኝ። በሩ ተከፈተ።

«ይቺ ማን ናት?» አለ አንዱ የአብዮት ጠባቂ።

«ሊሊ ናት። ከናዝሬት የመጣች አዲስ ልጅ።»

«በዚህ ቀን ምን ያስተኛታል?»

«አዳሯን አልጠየቅኸኝ» አለች አክስቴ እየሳቀች። ያ ሳቅ የሷ አልነበረም።

ወደ አልጋው ቀረበ። የጠመንጃው አፈሙዝ አንሶላውን ሲነካ ተሰማኝ።

«አንቺ! ተነሽ!»

ብነሳ ግራ ዓይኔን ያያል። ከትራሱ ሳልነቃነቅ ቀኙን ዓይን ቀስ ብዬ ገለጥኩና አየሁት። ፈራሁ ማለት አይገልጸውም። ብቻ በዚያች ቅጽበት ያደረግሁት አክስቴ ያላስተማረችኝን ነው፤ አዛጋሁ። እንቅልፍ እንዳልጠገበች ሴት በሰፊው አዛጋሁና ዓይኔን መልሼ ከደንኩ።

«ተዋት ባክህ» አለ በሩ ላይ የቆመው ጓደኛው። «የምንፈልጋት የገበሬ ልጅ ናት፤ ይቺ የተኳኳለች ምን ትሠራልሃለች?»

ሄዱ። አክስቴ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና መስታወቱን አነሳች።

«በይ ግራውን» አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱንም ራሴ ለጠፍኩ፤ እሷ እጇን አጣምራ ታይ ነበር። «ጨርሰሻል» አለችኝ። አጭር ቀሚሷን፣ ዊጉን፣ ማጣበቂያውንና የእጅ መስታወቷን ሰጠችኝ። የጭነት መኪናው ደጅ ሲቆም አቀፈችኝ።

«አባትሽን አንድ ቀን ስታገኚው...» አለችና ተወችው። «ሂጂ በቃ። ሰይድ ሰው ነው።»

ጋሽ ሰይድ ድፍን ጺም ያለው፣ ዝምተኛ የወሎ ሰው ነበር። ጋቢናው ውስጥ ስገባ ፊቴን አንዴ አየና፣ «ማሻአላህ፣ ሥራው ጥሩ ነው» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ጀውሃ ድረስ በሰላም ወረድን። ፀሐይዋ ግን ከፍ አለች፤ የሞተሩ ግለት ከእግራችን ሥር ይመጣል፤ ላቤ ቁልቁል ይፈሳል። ጀውሃን እንዳለፍን የግራው ውጭኛ ጫፍ ሲነሳ ተሰማኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሊወድቅብኝ ነው።»

ከመንገዱ ወጣ አድርጎ አቆመ። ወርዶ መፍቻውን ይዞ ጎማ የሚያይ መሰለ። እኔ መስታወቱን ከአገጬ ሥር አድርጌ፣ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ላቤን ጠርጌ ለጠፍኩት። በአጠገባችን የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጋቢናውን ያርገፈግፈዋል። ማጣበቂያው እርጥብ ከሆነው ቆቤ ጋር እንደ ልብ አልያዘም። ሌላ ጊዜ ግን አልነበረም።

ካራቆሬ ላይ ኬላ ተዘግቶ አገኘን። ገመድ ተወጥሯል፤ ከፊታችን የቆመው አውቶቡስ ተሳፋሪ በሙሉ ወርዶ ፀሐይ ላይ ተሰልፏል። አንድ ጠባቂ ሴቶቹን እያንዳንዳቸውን ቀና እያደረገ ዓይናቸውን ያያል።

«ያ ኢላሂ» አለ ጋሽ ሰይድ በለሆሳስ። «ልጄ፣ ሳቂ። ወላሂ፣ አሁን መሳቅ አለብሽ።»

ጠባቂው ከእኔ በዕድሜ እምብዛም የማይበልጥ ወጣት ነበር። በሩን ከፍቶ ውረጂ አለኝ። ወረድኩ።

«ስም?»

«ሊሊ።»

«ወዴት ነው?»

«አሰብ። ሥራ።»

አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረኝ። በጣም ቀረበ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነው። የግራው ጫፍ መልሶ ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ንፋሱ ያነቃንቀዋል።

«ይሄ የራስሽ አይደለም።»

እትዬ የሺ ለዚህ መልስ ሰጥታኝ ነበር። ከአባቴ ቤት ያደገች ልጅ የማትለውን ነገር ጠዋት ደጋግማ አስጠንታኛለች። አፌን እንደምንም ከፈትኩ።

«ምኔ የራሴ ነው ብለህ ነው? ደግሞስ እዚህ ፀሐይ ላይ ዓይን ዓይኔን ከምታይ፣ አሰብ ና።»

የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ጓዶቹም ሳቁበት። ፊቱ ደም መሰለ።

«አውልቂው!»

«እጅህን ታጠብና አንተው አውልቀው» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። ከግራ በኩል፣ በሙሉ ኃይሉ። መሬት ላይ ወደቅሁ። ሽፋሽፍቱ ተላቅቆ ጉንጬ ላይ ሲያርፍ ታወቀኝ። በደመ ነፍስ መዳፌን ዓይኔ ላይ ለጠፍኩና እሪ አልኩ። ተመትታ ዓይኗን የያዘች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ታደርጋለች? ማንም አልጠረጠረም። እኔ ግን ከመዳፌ ሥር ራቁት ዓይኔን ይዤ፣ እጄን ካነሳሁ ሞቼአለሁ እያልኩ ነበር የማለቅሰው።

«እጅሽን አንሺ!» አለኝ።

ጋሽ ሰይድ ከወዲያ ወርዶ በመሃላችን ቆመ። «አላህን ፍራ! ዓይኗን አጠፋኸው እኮ! እንዲህ አድርገህ ሰብረህ ነው ለሥራ የምትልካት?»

ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው አለቃቸው ተበሳጨ። «ምንድነው እዚያ? ከሸርሙጣ ጋር ትደባደባለህ? መንገዱን ክፈት! ከኋላ ወታደር የጫነ መኪና እየመጣ ነው!»

ጋሽ ሰይድ በብብቴ ይዞ አነሳኝና ጋቢናው ውስጥ አስገባኝ። ገመዱ ወረደ። ኬላው ከመስታወቱ እስኪጠፋ መዳፌን ከዓይኔ አላነሳሁም። ሳነሳው ሽፋሽፍቱ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ነበር። ጋሽ ሰይድም «አልሐምዱሊላህ» እያለ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት።

አሰብ ደረስኩ። አንዲት ልብስ ሰፊ አስጠጋችኝ፤ በኋላም ሥራ አስተማረችኝ። በየጠዋቱ ሽፋሽፍቴን እየለጠፍኩ ለረጅም ጊዜ ኖርኩ፤ ከዚያ የአሰብ ሙቀት ጋር እየታገልኩ። እጄ ከእንግዲህ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ዳግመኛ ሲመጣ ከመኪናው ወርዶ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ነገረኝ። አባቴ በገበያ ቀን ወደ ቡና ቤቱ ሲገባ ያየ ሰው ጠቁሟል። እኔ በሄድኩ ማግስት መጥተው «ሊሊ የት አለች?» ብለዋል። እትዬ የሺ «ሊሊ የምትባል ሴት አላውቅም» ብላለች። ወሰዷት።

አገሬ የገባሁት ደርግ ወድቆ፣ አግብቼ ወልጄ ነው። አባቴ አርጅቶ ነበር። የቀረውን የሰማሁት ከእሱ ነው።

አክስቴ መያዟን እንደሰማ ስንቅ ቋጥሮ ከመንደራችን እየወረደ ወደታሰረችበት ይሄድ ነበር። በር ላይ «ምንህ ናት?» ይሉታል፤ «እህቴ ናት» ይላል። ይሰድቡታል፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባዶ ዕቃው ተመልሶ ሲሰጠው በልታለች ማለት ነውና እያመሰገነ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን ስንቁን ሳይቀበሉት፣ «ከእንግዲህ አታምጣ» አሉት።

ይህ ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግርም። ለማያውቅ ደግሞ፣ ሬሳም አይሰጥም፣ ለቅሶም መቀመጥ አይቻልም ማለት ነው። «የአናርኪስት» ዘመድ ሲያለቅስ ከታየ ራሱ ይታሰራል።

አባቴ ስንቁን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ቤቱ ሄዶ እንዳያለቅስ መንደሩ ያያል። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ ይጠይቁታል። እግሩ የወሰደው ወደ ቡና ቤቱ ነው። ሴቶቹ ፊቱን አዩና ገባቸው። አንዷ ወንበር ሰጠችው። ሌላዋ በሩን ዘጋች። ስንቁን ፈትቶ መሃላቸው አስቀመጠውና አብረው ቀመሱ። ከዚያ አንዷ ተነስታ የሙዚቃ ማጫወቻውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የጭፈራ ዘፈን ነበር። ሌሎቹም ከዘፈኑ ጋር ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ፤ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ።

«ያኔ አለቀስኩ» አለኝ አባቴ። «እነሱ እያጨበጨቡ፣ እንባቸው እየወረደ፣ እኔ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።»

አንባቢዎቼ፣ ከሞት ያመለጠ ሰው ብዙ ነገር ተምሮ የሚወጣ ይመስላል። እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው። ሰው እየፈራም እጁን ማጽናት እንደሚችል ተምሬያለሁ። ያንን ቀን ለኔ በሕይወቷ የከፈለችልኝ ሴት መቃብሯ የት እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴም ሳያውቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ግን በመንገድ ሳልፍ ከቡና ቤት የሚጮህ ዘፈን ስሰማ፣ ውስጥ ያለው ሰው እየጨፈረ ነው ብዬ አልደመድምም።